አባዬ ሸራ ለብሶ ቢሾፍቱ የሄደ ዕለት

የምሠራው አዳማ፣ መናኸሪያው አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ካርድ፣ የምረቃ ባነር፣ የሱቅ ማስታወቂያ ዲዛይን አደርጋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ እርግብና ቀለበት ስስል ከኖርኩ በኋላ እጄ ራሱ መሰልቸት ጀመረ። አንድ ቀን የደንበኛ ካርድ ላይ ያለችውን እርግብ ሳላስበው ጢም አበቀልኩላት። ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ላይ የዞረ ጢም ነበር። ካርዱ ሙሽሮቹ እጅ ሳይገባ ያየልኝ የወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው።

ይሄ ባልደረባዬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ፊት ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው። ኮሚክ ይወዳል። መውደድ ስል ትንሽ አይደለም፤ በምሳ ሰዓት እኛ ስንበላና ስናወራ እሱ ስልኩን የውኃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ፣ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ገጽ ይገልጣል። የትኛው ጀግና ከየትኛው ጋር እንደተጣላ፣ ማን ሞቶ ስንት ጊዜ እንደተነሳ በቃሉ ያውቃል። ጢም ያበቀለችውን እርግብ ካየ በኋላ ጢሙን ለወፍ ከማባክነው ለሰው ብሰጠው እንደሚሻል ነገረኝ። እኔ ልሣል፣ እሱ ይጻፍ፤ የራሳችን ኮሚክ ይኑረን አለ።

«ባለ ተሳቢው» የተወለደው እንዲህ ነው። ጀግናችን ጡረታ የወጣ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። አንድ ከሰዓት ቆቃ ሐይቅ ዳር እግሩን ሲታጠብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ ውኃው ውስጥ ይወድቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ያልቅለት ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የጭነት መኪና ከነተሳቢው በአንድ እጁ ማንሳት ቻለ። ካባው ከመኪና ሸራ የተቆረጠ ነው። ፊቱን አንድም ቦታ ሳልሰርዝ በአንድ ቁጭታ ሣልኩት፤ ጢሙ ወፍራም፣ አፍንጫው ጎበጥ ያለ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ። ባልደረባዬ ሰውየውን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቀኝ ከጭንቅላቴ ነው አልኩት። የምሬን ነበር።

የመጀመሪያው ቅጽ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ታተመ። አለቃችን ከሌላ ሥራ የተረፈ የወረቀት ቁራጭ ብቻ እንድንጠቀም ስለፈቀደ መጽሐፋችን ጠበብ ብሎ ረዘመ። መልኩ ቁርጥ የምግብ ቤት ሜኑ ነው። ጥቂቱን ጭማቂ ቤት፣ ጥቂቱን ጌም ቤት፣ ጥቂቱን ፀጉር ቤት አስቀመጥን። ጭማቂ ቤት ያስቀመጥናቸውን ቅጂዎች ሰዎች በእርግጥም ሜኑ እየመሰላቸው አነሷቸው። አንዲት ሴትዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጥሞና ሲያነቡ አይቼ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ጨርሰው ቀና አሉና አስተናጋጁን ፓፓያ የለም ወይ ብለው ጠየቁት።

ፀጉር ቤት ያስቀመጥነው ግን አባዬ እጅ ገባ።

አባዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ አብዛኛውን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን ባጃጆች አነዳድ ይተቻል። አርብ አርብ ከጁምዓ በፊት ጢሙን ለማስተካከል ፀጉር ቤት ይሄዳል። የዚያን አርብ ከመስጊድ ሲመለስ በእጁ ጠባብና ረጅም ነገር ይዞ ነበር። እኔ ለምሳ ቤት ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ አለች፤ ሽፋኑን አየች፣ አባዬን አየች፣ እንደገና ሽፋኑን አየችና ተመልሳ ገባች። ውስጥ ሆና አፏን በነጠላዋ አፍና ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። እኔም ገና ያኔ ነው ያየሁት። ጢሙ የአባዬ ነው። አፍንጫው የአባዬ ነው። ስለ ሆዱማ ባናወራ ይሻላል።

ምን እንደምመልስ እያዘጋጀሁ ጠበቅኩ። አባዬ መነጽሩን አደረገ፣ ጣቱን በምላሱ አረጠበና ሦስተኛውን ገጽ ገለጠ።

«ስሚ፣ ይሄ ሰውዬ የእጅ ፍሬን ሳይዝ ነው ከመኪናው የወረደው» አለኝ።

ቤት እየተቃጠለ ስለሆነ ቸኩሎ ነው ብዬ አስረዳሁት።

«ቢቃጠልስ? ተሳቢው ተንሸራቶ ሌላ ሁለት ቤት ይጨምርበታል።»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ፀጉር ቤት ተራ ሲጠብቅ አሥራ አንድ ስህተት መዝግቧል። ገጽ አራት ላይ የመኪናው ጎማ ከገጽ ሁለቱ በሁለት ያንሳል። የግራው ስፖኪዮ የለም። ገጽ ዘጠኝ ላይ ጀግናው ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ ይወርዳል፤ ይሄን የሚያደርግ ሰው ጀግና ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ ነው። እንዲህ እያለ አሥራ አንዱንም ጨረሰ። ፊቱን ስለመውሰዴ አንድ ቃል አልተናገረም። በመጨረሻ መነጽሩን እያጠፈ አፍንጫው ትንሽ በዝቷል አለና ሊተኛ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤት መጣ። ባልደረባዬ ባለ ተሳቢውን በአካል በር ላይ ቆሞ ሲያይ የያዘውን ወረቀት ለቀቀው። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ የራሱን ወንበር ሰጠውና እሱ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ አርታኢያችን ሆነ። የሾመው ሰው የለም። በአንድ ወር ልናወጣው ያሰብነው ሁለተኛ ቅጽ አምስት ወር ፈጀ።

ትልቁ ክርክር በጠላቱ ጉዳይ ነበር። ባልደረባዬ ከቆቃ ሐይቅ የሚወጣ ሦስት ራስ ያለው አውሬ ጽፎ ነበር። አባዬ በጥሞና ካዳመጠው በኋላ ሦስት ራስ ካለው መሪውን የያዘው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀው። ባልደረባዬ አላሰበበትም። ምን እንደሚበላ ጠየቀው፤ እሱንም አላሰበበትም። አባዬ ቆቃን ለማጥፋት አውሬ አያስፈልግም፣ እምቦጭ ይበቃል፤ ሐይቁን ሸፍኖ ጀልባ የሚያስቆም አረም እያለ ሦስት ራስ ፍለጋ ምን አደከመህ አለው። ባልደረባዬ ጆሮው እየቀላ ወደ መቁረጫው ተመለሰ። ከምሳ በኋላ መጥቶ፣ አውሬ ሲገደል ያልቃል፣ እምቦጭ ግን ሁልጊዜ ተመልሶ ስለሚመጣ ለብዙ ቅጽ ይሆነናል አለኝ። አውሬው ቀረ።

ሁለተኛው ክርክር ስለ መብረር ነበር። አባዬ ሰው ለምን እንደሚበር ሊገባው አልቻለም። ስለዚህ ባልደረባዬ የሱፐርሂሮ ሥራ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ይይ ብሎ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጌም ቤት ወሰደው፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጨዋታው ጭምብል ያጠለቀ ጀግና በአንድ ትልቅ ከተማ ሕንፃዎች መካከል እየዘለለ ሌባ የሚያሳድድበት ነው። ባልደረባዬ ጆይስቲኩን እጁ ላይ አስቀምጦ የትኛውን ተጭኖ እንደሚሄድ አሳየው።

አባዬ ጀግናውን የእግረኛ መንገድ ላይ አወጣው። ቀስ ብሎ በቀኝ በኩል እያራመደ መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ ቆመ። ቀይ መብራት በርቷል። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ወጣቶች መቁነጥነጥ ጀመሩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አባዬ ግራና ቀኝ አይቶ ተሻገረ። ስክሪኑ ላይ ባንክ እየተዘረፈ እንደሆነ ማስጠንቀቂያ መጣ። አባዬ ፖሊስ የሌለበት አገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀና መንገዱን ቀጠለ። ባንኩ አርባኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ሲነገረው የሕንፃውን በር ፈልጎ አገኘና ደረጃ ካለ ብሎ በሩን ደጋግሞ ገፋ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ተበሳጭተው ነበር። በኋላ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ከጎኑ ተቀመጡ። ቀይ ሲበራ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጋሼ፣ ቀይ» ይላሉ፤ አባዬም አይቻለሁ ይላል። በዚህ ሁኔታ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተማዋን በሰላም ዞርን።

ባልደረባዬ ግን የመጣንበት ነገር አልሆነለትም። እጁን ዘርግቶ የመዝለያውን ቁልፍ ተጫነው። ጀግናው ከመሬት ተነስቶ ሕንፃዎቹን አልፎ ሰማይ ገባ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። ያን ሁሉ ዘመን የጅቡቲን ጠመዝማዛ ሲነዳ አንድ ቀን አዙሮት የማያውቅ ሰውዬ እዚያው ጌም ቤት ውስጥ አጥወለወለው። ደጅ አውጥተን ሎሚ አሸተትነው። ሲሻለው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ ተሳቢው አይበርም። አልበረረም።

በዚያው ሰሞን ባልደረባዬ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አዳራሽ ውስጥ ኮሚክ የሚሠሩና የሚያነቡ ሰዎች እንደሚሰበሰቡ ሰማ። ሰዎች የሚወዱትን ጀግና ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ ለምርጥ ልብስ ሽልማት አለ። ባለ ተሳቢውን ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ዕድል ስለሌለ ባልደረባዬ ራሱ ሊለብስ ወሰነ። ካባውን የመኪና ሸራ የሚሰፉ ሰውዬ ዘንድ አሰፋን። ሰውየው ለስንት ኩንታል ጭነት ነው ብለው ሲጠይቁን ለስልሳ ኪሎ አልናቸው። ለሆዱ ትራስ ተዘጋጀ። የቀረው ጢም ነበር።

ጢሙን ከዊግ ቆርጦ ሠራው፤ ያጣበቀው ግን መጽሐፍ በምንጠርዝበት ማጣበቂያ ነው። በጉዞው ዋዜማ ልሞክረው ብሎ ለጥፎ አንድ ሰዓት ቆየ። በማግስቱ ጠዋት ቤታችን ሲመጣ የላይኛው ከንፈሩ ተነፍቶ አፍንጫውን ሊነካ ደርሷል። ጢሙ ወልቋል፤ መናገርም አልቻለም። ያለውን ሁሉ ስልኩ ላይ እየጻፈ ያሳየን ነበር። እናቴ በረዶ ሰጠችው፤ እሱም አመሰግናለሁ ብሎ ጻፈላት።

ካባውና ትራሱ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ሁላችንም አየናቸው። ከዚያ ሁላችንም፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ አባዬን አየን። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

«ትራሱ አያስፈልገኝም» አለ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጠ፤ አዳማ ውስጥ ማንም ሰው ሸራ ለብሶ እንዳያየው። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ከካባው ላይ ወፍራም ካፖርት ደረበ። ሚኒባሱ ውስጥ እኔ በመስኮት በኩል፣ አባዬ መሐል፣ ባልደረባዬ አፉን በፎጣ ሸፍኖ ዳር ላይ ተቀመጥን። ሞጆ ሳንደርስ ትራፊክ አስቆመን። ሚኒባሱ ትርፍ ሰው መጫኑን ሲያጣራ አባዬ ላይ ዓይኑ አረፈ። በላብ ተጠምቋል፤ ከካፖርቱ ሥር አረንጓዴ ሸራ ተንጠልጥሏል። ትራፊኩ ሸራውን በእስክሪብቶው እያመለከተ በኦሮምኛ «ኩን ማሊ?» አለ፤ ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው። አባዬም በዚያው በኦሮምኛ፣ ጡረተኛ ነው ብሎ መለሰለት። ትራፊኩ ትንሽ አሰበና አሳለፈን።

ቢሾፍቱ ስንደርስ አዳራሹ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ለዝግጅቱ ወንበር የጫነ መኪና በጠባቡ መግቢያ ላይ ተሰንቅሯል። ከኋላው አንድ የቆመ ጋሪ፣ በግራው የአጥር ግንብ፣ በቀኙ የአበባ መደብ አለ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ወደፊት ትንሽ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ትንሽ ይመለሳል፣ ይባስ ይጣመማል። ዙሪያውን ጀግኖቹ ቆመዋል። ክንፍ ያላቸው፣ የካርቶን ጎራዴ የያዙ፣ ከእግር እስከ ራስ ብር ቀለም የተቀቡ ነበሩ። አንደኛው፣ ባልደረባዬ ስልኩ ላይ እንደጻፈልኝ፣ ጊዜን ማቆም የሚችል ነው። ሁሉም በየፊናቸው ግራ ቁረጥ፣ ቀኝ ቁረጥ እያሉ ያዛሉ። የጋሪው ፈረስ ብቻ ምንም አስተያየት አልሰጠም።

አባዬ ካፖርቱን አውልቆ ሰጠኝ። ሾፌሩን ሰላም ብሎ፣ ከፈቀድክልኝ ልሞክርልህ አለው። ልጁ ከላይ እስከ ታች አየው። ሰውዬው ሸራ ለብሷል፤ ነገር ግን ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነውና ወረደለት። አባዬ ወጣ፤ መቀመጫውን አስተካከለ፤ ሁለቱንም ስፖኪዮ ዞር ዞር አደረገና ሁሉም ሰው ዝም እንዲል በእጁ አሳየ። ከዚያ በአንድ ጊዜ፣ ሳያቆም፣ ግንቡንና ጋሪውን በመዳፍ ርቀት እያለፈ መኪናውን ወደ ኋላ አወጣው። አዙሮም ቀጥ አድርጎ አስገባው።

ጭብጨባው ፈረሱን አስደነበረው። ጊዜን የሚያቆመው ልጅ ጭምብሉን አውልቆ አባዬን እጅ ነሳው። አባዬ ግን ሲወርድ የካባው ጫፍ በሩ ውስጥ ተይዞ ኖሮ እስከ ወገቡ ተቀደደ። ተናደደ። ሸራ እንዲህ አይቀደድም፣ የሰፋው ሰውዬ ክሩን ነጠላ አድርጎ ነው እያለ እስኪገባ ድረስ አጉረመረመ።

መድረክ ላይ እያንዳንዱ ሰው ጀግናው ማን እንደሆነና ምን ኃይል እንዳለው በአጭሩ እንዲናገር ነበር የተጠየቀው። አባዬ ማይኩን ያዘ፤ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። በሙቀት ጊዜ ጎማ ምን ያህል አየር ሊኖረው እንደሚገባ፣ ሾፌር እንቅልፍ ሲመጣው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ቁልቁለት በምን ማርሽ እንደሚወረድ ተናገረ። አስተባባሪዋ ሁለት ጊዜ ልታቋርጠው ሞከረች። ተመልካቹ ግን ጥያቄ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ባልደረባዬ ኮሚካችንን እያደለ በአዳራሹ ይዞራል። ያበጠ ከንፈሩንና ፎጣውን ያዩ ሰዎች የባለ ተሳቢው ጠላት መስሏቸው አብረውት ፎቶ ተነሱ።

ሽልማቱ ከሽቦና ከናይለን የተሠራ ትልቅ ክንፍ ለለበሰች ልጅ ተሰጠ። የሚያምር ክንፍ ነበር። አባዬ አጨበጨበላት፤ ነገር ግን ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አይሠራም እኮ» አለኝ። ይህንን ነገር ለሦስት ሳምንት ያህል ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሲናገር ቆየ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ነበር። ባልደረባዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተኛ። አባዬ የተቀደደውን ሸራ ጭኑ ላይ አጣጥፎ ከያዘ በኋላ፣ ሳታዪኝ እንዴት አድርገሽ ሣልሽኝ ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ ሆኜ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣ ሁልጊዜ ከመኪናው ሲወርድ በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው፤ እሱን እሱን ነው የሣልኩት አልኩት። ሲሄድ ግን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ተኝቼ እያለሁ ነበር የሚወጣው፤ ይሄንንም ነገርኩት። አባዬ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እንዳታለቅሺ ነው የማልቀሰቅስሽ ብዬ ለእናትሽ ነግሬአት ነበር» አለ። «የማለቅሰው እኔ ነበርኩ።»

ሸራውን አብሬው ያዝኩለት።

ሁለተኛው ቅጽ ከወር በኋላ ወጣ፤ በዚህኛው ባለ ተሳቢው እምቦጭን ከቆቃ ሐይቅ በመልሕቅ እየጎተተ ያወጣል። ከመታተሙ በፊት አባዬ ስሙ ከእኛ ጋር አብሮ እንዲጻፍ ጠየቀ። ባልደረባዬ ጸሐፊ፣ እኔ ሠዓሊ ተባልን። አባዬ ቴክኒካል አማካሪ የሚለውን አልወደደውም፤ አርታኢንም አልወደደውም። በመጨረሻ ራሱ በመረጠው ቃል «ዋና ሾፌር» ተብሎ ወጣ።

አንድ እሽግ መጽሐፍ ተሸክሞ የድሮ ጓደኞቹ ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ወሰደ። ሁሉም ጡረታ የወጡ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ምን እንዳላቸው አላውቅም። በማግስቱ ግን አንደኛው ማተሚያ ቤታችን መጡ፤ ለሦስተኛው ቅጽ ሰው እየተመዘገበ እንደሆነ ሰምተው ነው። ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ከዚህ በኩል ነው የማምረው አሉኝ። ከሰዓት ሁለት ሌሎች መጡ። አንደኛው የወለንጪቲ ሰው ሲሆኑ ለዚህ ብለው በአውቶቡስ ነው የመጡት። አሁን አለቃችን በር ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጧል። የሠርግ ካርድ ሊያሠሩ የመጡ ሙሽሮች በሾፌሮቹ መሐል እየተሹለከለኩ ይገባሉ። ትናንት የመጡት ሽማግሌ ጢማቸውን ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ስሥላቸው አደራ ብለው እጄን ሲይዙኝ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቴ ሁሉ ጠቆረ።